ፍቅር ብቻውን የማይጠግነው ስብራት

አንድ ወጣት የግንባታ ሠራተኛ ከባድ መዶሻ ያነሣና ፊት ለፊቱ የቆመውን የመታሰቢያ ድንጋይ ደጋግሞ ይመታዋል። ድንጋዩ ከዓመታት በፊት እዚያው ቦታ ላይ በተደረመሰ የገበያ ማዕከል ውስጥ ላለቁ ሰዎች የቆመ ነው። ከሟቾቹ አንዱ የወጣቱ አባት ነው። እርሱ ራሱም ከዚያው ፍርስራሽ ሥር እግሩ ተሰባብሮ ነው የወጣው። የገዛ ሐዘኑን መታሰቢያ በገዛ እጁ ያደቅቀዋል።

በእንግሊዝኛ ስሙ «ጀስት ቢትዊን ላቨርስ» የሚባለውን የኮሪያ ድራማ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት አይረሳውም። ድራማው ጄቲቢሲ በተባለ የኮሪያ ጣቢያ ከዲሴምበር 2017 እስከ ጃንዋሪ 2018 በ16 ክፍሎች ተላልፏል፤ በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በተላለፈበት ወቅት ብዙ ተመልካች አላገኘም ነበር። የልብ ስብራትን ከሚተርኩ የኮሪያ የፍቅር ድራማዎች መካከል ምረጥ ብባል ግን እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው።

ምክንያቴ አንድ ነው። ይህ ዓይነቱ ድራማ በኮሪያ «ፈዋሽ ድራማ» የሚል ስም አለው። የደከመ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ሲያየው ልቡን የሚያሳርፍለት ማለት ነው። የተለመደው መንገድም ይታወቃል፤ ሁለት የቆሰሉ ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ቁስላቸውም ይጠግጋል። ይህ ድራማ መንገዱን ይዞ ይጀምርና መሐል ላይ ይቆማል። ቁስሉን ማን አቆሰለው? የቆሰሉትን ማን ዝም አሰኛቸው? ሙታኑን የሚያስታውሳቸው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይነሡ ፍቅሩ አንድ እርምጃ አይራመድም።

ከድራማው ጀርባ የቆመው ሕንፃ

ኮሪያዊ ተመልካች በድራማው ውስጥ የሚፈርሰውን የገበያ ማዕከል ሲያይ ሳምፑንግን ያስባል። ሳምፑንግ በሶል ከተማ ሶቾ በተባለው ሀብታም ሰፈር በ1990 የተከፈተ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ነበር። ጁን 29 ቀን 1995 ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሕዝቡ ገበያ ላይ እንዳለ፣ በሃያ ሰከንድ አካባቢ ውስጥ ተደረመሰ። 502 ሰዎች ሞቱ፤ 937 ቆሰሉ። ጦርነት ባልነበረበት ጊዜ ኮሪያ እንዲህ ያለ የሕንፃ አደጋ አይታ አታውቅም።

ሕንፃው የወደቀበትን ምክንያት ስናነብ ከምድር መናወጥም ከቦምብም ጋር የሚያያዝ ነገር አናገኝም። የምናገኘው የስግብግብነት ዝርዝር ነው። መጀመሪያ የታቀደው ለሌላ አገልግሎት ነበር፤ ባለቤቱ ሐሳቡን ለውጦ የገበያ አዳራሽ አደረገው። በዕቅዱ ያልነበረ አምስተኛ ፎቅ ጨመረበት፤ ፎቁንም ወለላቸው የሚሞቅ ምግብ ቤቶች ሞሉት። 80 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖራቸው ይገባ የነበሩ ምሰሶዎች 60 ሴንቲ ሜትር ሆነው ቆሙ። ጣሪያው ላይ የነበሩት ከባድ የማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ጎረቤት በድምፃቸው ስላማረረ በ1993 ቦታ ሲቀየርላቸው በክሬን አልተነሡም፤ ጣሪያው ላይ እየተጎተቱ ሄዱ፣ ጣሪያውም ተሰነጠቀ። አደጋው በደረሰበት ዕለት ጠዋት ስንጥቁ ሰፍቶ በዓይን ይታይ ነበር። ኃላፊዎቹ ተሰበሰቡ፣ ተወያዩ፣ የዕለቱ ገቢ እንዳይቀር ብለው በሩን ሳይዘጉ ቀሩ። በኋላ የኩባንያው ሊቀ መንበርና ልጁ ታስረዋል፤ ጉቦ ተቀብለው ፈቃድ የሰጡ ሹማምንትም ተፈርዶባቸዋል።

ይህን በዝርዝር ያነሣሁት ለድራማው ቁልፉ እዚህ ስላለ ነው። ሰው ሠራሽ አደጋ የሚተወው ጠባሳ የተፈጥሮ አደጋ ከሚተወው ይለያል። ጎርፍ ልጇን የወሰደባት እናት ከፈጣሪዋ ጋር ትሟገታለች። ምሰሶ በቀጠነበት ሕንፃ ልጇን ያጣች እናት ግን ያ ሰውዬ አንድ ቀን ቢያስብ ኖሮ፣ በሩን ቢዘጋ ኖሮ እያለች በየሌሊቱ ታሰላለች። የ«ቢሆን ኖሮ» ስሌት ደግሞ ማብቂያ የለውም።

የተረፉት

ወጣቱ ሊ ካንግ-ዱ ይባላል፤ የሚጫወተው ቱፒኤም በተባለው የሙዚቃ ቡድን የታወቀው ሊ ጁንሆ ነው። እግር ኳስ ተጫዋች ለመሆን ያልም የነበረ ልጅ ነበር። አደጋው አባቱን ወሰደበት፣ እግሩን ሰበረበት፣ ዓመታቱንም በሆስፒታል አስፈጀው። ሲያድግ የቀን ሥራ እየሠራ፣ በሐኪምነት የምትማረውን እኅቱን ከሩቅ እየጠበቀ፣ በጓሮ ሰፈር ርካሽ ማደሪያ ውስጥ ይኖራል። ከእርሱ ጋር ፍርስራሽ ሥር ተይዞ የነበረ፣ ያልተረፈ ልጅ ዓይኑ ላይ እየተደቀነ ያናግረዋል።

ልጅቷ ሃ ሙን-ሱ ናት፤ ዎን ጂን-አህ ትጫወታታለች። በዚያ ቀን ታናሽ እኅቷ ሞታ እርሷ ተረፈች። ሥራዋ ለአርክቴክቶች የሕንፃ ናሙና ማበጀት ነው። ጎንበስ ብላ ቀጫጭን ቁርጥራጮችን በጥንቃቄ ስታጣብቅ፣ ግድግዳ ስታቆም፣ ጣሪያ ስትከድን ትታያለች። ሕንፃ የወደቀባት ልጅ በሰው ላይ ሊወድቁ የማይችሉ ትንንሽ ሕንፃዎችን እየሠራች ትኖራለች። ማንም ገጸ ባሕርይ ይህን በቃል አይናገረውም፤ ካሜራው እጆቿ ላይ ይቆይና ለተመልካቹ ይተውለታል።

የሥነ ልቦና ሐኪሞች ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ስለሚመጣ ሕመም ሲያስረዱ ሦስት አራት ነገር ይጠቅሳሉ። ያለፈው ነገር እንደ ትዝታ ሳይሆን አሁን እየሆነ እንዳለ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ሰውየው የሚያስታውሰውን ቦታ፣ ድምፅና ሰው ይሸሻል። ሰውነቱ ሁልጊዜ አደጋ እንደሚጠብቅ ሰው ተወጥሮ ያድራል፤ እንቅልፍም ይነሣዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ለምን እኔ ተረፍኩ?» የሚል ጸጸት አለ። ድራማው እነዚህን አንድም ጊዜ በትምህርት መልክ አያቀርባቸውም፤ በኑሮ ውስጥ ነው የሚያሳያቸው። ካንግ-ዱ ሥራ ላይ ሲደበደብ የማይከላከለው ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ ቅጣት የሚገባው ስለሚመስለው ነው። ሙን-ሱ ከልክ በላይ ደኅና ሆና የምትታየው ስለዳነች አይደለም፤ በቤቷ ውስጥ ለሌላ ሰው ሐዘን ቦታ ስላልነበረ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ድራማው ከሌሎቹ ሁሉ የሚልቀው እዚህ ነው ብዬ ስለማምን። የሙን-ሱ እናት የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ታስተዳድራለች፤ መጠጥ ይዟታል። አባትየው ተለይቶ ሄዶ ብቻውን ኑድል ቤት ከፍቷል። የቤቱ ሐዘን ሁሉ የእናትየው ነው። እናት ሰክራ ስትወድቅ የምታነሣት፣ ሒሳቡን የምትይዘው፣ ፈገግ ብላ ወደ ሥራ የምትሄደው ልጅቷ ናት። እርሷም እኅቷን አጥታለች፤ ግን ማንም «አንቺስ?» ብሎ አልጠየቃትም።

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት ለመረዳት የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልገውም። ልጅ የሞተባት እናት መሐል ትቀመጣለች፤ ሰው ሁሉ ወደ እርሷ ይሄዳል። ጥግ ላይ ውኃ የምታቀርበው ታላቅ እኅት ደግሞ አክስቶቿ ጎኗን እየነኩ «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ለእናትሽ ያለሽው አንቺ ነሽ» ይሏታል። በፍቅር ነው የሚሏት። ያ ቃል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን እኔ ያወቅሁት ይህችን ኮሪያዊት ልጅ ሳይ ነው።

ኮሪያውያን ለታፈነ ሐዘን የራሳቸው ቃላት አሏቸው። «ሃን» የሚሉት ተከማችቶ የረጋ፣ ፍትሕ ያላገኘ ምሬት ነው። «ህዋብዮንግ» ደግሞ ቃል በቃል «የእሳት በሽታ» ማለት ሲሆን፣ ንዴትንና ሐዘንን ለዓመታት ውጦ የኖረ ሰው ደረቱ ላይ የሚሰማው ቃጠሎና ጭነት ነው፤ በሕክምና መጻሕፍት ሳይቀር ተመዝግቧል። እኛ «ሆድ ይፍጀው» የምንለውን እነርሱ በሽታ ብለው ስም አውጥተውለታል።

ያ ድንጋይ ለምን ተሰበረ?

ወደ መዶሻው ልመለስ። በታሪኩ ውስጥ በአደጋው ቦታ ላይ አዲስ ትልቅ ሕንፃ ሊሠራ ነው። የሥራው ዋና አርክቴክት፣ የፈረሰውን ሕንፃ የነደፈውና ጥፋቱ ሁሉ የተላከከበት ሰው ልጅ ነው። ድንጋዩ እዚያ የቆመው የሟቾችን ቤተሰቦች ዝም ለማሰኘት ነው፤ «ይኸው ሠራንላችሁ» ለማለት። ካንግ-ዱ የሚሰብረው ይህንን ውሸት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ለእርሱና ለሙን-ሱ ይሰጣል፤ አዲስ መታሰቢያ እንዲታሰብበት የሟቾችን ቤተሰቦች እየሄዱ ማነጋገር ይጀምራሉ። ፍቅራቸውም የሚያድገው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

የኮሪያኛ ርእሱን ያስተዋለ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። መጀመሪያው ላይ «ገንያንግ» የሚል ቃል አለ፤ የእኛው «እንዲያው» ነው፣ ያለ ምክንያት፣ ያለ ሰበብ። መጨረሻው ላይ ያለው «ሳይ» ግንኙነትም ነው፣ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ክፍተትም ነው። «እንዲያው የሚዋደዱ» ብንለው ብዙም አንርቅም። ካንግ-ዱና ሙን-ሱ አንዱ ሌላውን ለማዳን ቃል አይገቡም። ስለ ቁስላቸው ማስረዳት ከማያስፈልጋቸው ሰው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ እርሱም እዚያው ነበርና ያውቀዋል።

ሕክምናውም ከዚህ ሩቅ አይደለም። አሰቃቂ ነገር ካለፈባቸው ሰዎች ብዙዎቹ በጊዜ ሂደት ያገግማሉ፤ ማን ያገግማል፣ ማንስ ሕመሙ ይጸናበታል በሚለው ላይ ከአደጋው በኋላ የሰው ድጋፍ ማግኘትና ማጣት ትልቅ ድርሻ እንዳለው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሕመሙ ለጸናባቸው ደግሞ ያንን ትዝታ ቀስ በቀስ፣ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር እየተጋፈጡ ቦታ ቦታውን ማስያዝ የሚረዱ ሕክምናዎች አሉ። ፍቅር ሰውን ወደ ሕክምና በር ሊያደርሰው ይችላል፤ በሩ ላይ ቆሞ ሊጠብቀውም ይችላል። ሐኪሙን ግን አይተካም። ፍትሕንም አይተካም።

በ2020 ዓለምን ያዳረሰው «ኢትስ ኦኬይ ቱ ኖት ቢ ኦኬይ» ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። በአእምሮ ሆስፒታል የሚሠራ አስታማሚና የልጆች መጽሐፍ ደራሲ የሆነች ሴት የሚዋደዱበት ውብ ሥራ ነው፤ ስለ አእምሮ ሕመም ያለውን እፍረት በመስበር ረገድም ባለውለታ ነው። እዚያ ግን የቁስሉ ምንጭ አንድ ክፉ ሰው ነው። ክፉው ሲታወቅ ታሪኩ መፍትሔ ያገኛል። የቀጠነ ምሰሶ፣ የተጎተተ ማቀዝቀዣ፣ የተፈረመ ፈቃድ፣ ያልተዘጋ በር፣ እነዚህ አንድ ላይ የገደሉት ሰው ግን ገዳዩ አንድ ፊት የለውም። ለዚህ ነው የካንግ-ዱና የሙን-ሱ ታሪክ ለብዙ አገር ሰው ይበልጥ እውነት የሚሆነው።

«ይብቃችሁ» የተባሉት

ድራማው የተሠራበት ጊዜም በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ኤፕሪል 16 ቀን 2014 ሴዎል የተባለች መርከብ ሰጥማ 304 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ 250ዎቹ በአንሳን ከተማ የዳንዎን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ፤ ለጉብኝት ወደ ጄጁ ደሴት የሚሄዱ። በየክፍላቸው ሆናችሁ ጠብቁ ተብለው የጠበቁ ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው እውነቱ ይውጣ ብለው በሶል መሐል በክዋንግሃሙን አደባባይ ድንኳን ተክለው ሲቀመጡ፣ ሲጾሙ፣ ራሳቸውን ሲላጩ መጀመሪያ ሕዝቡ አብሯቸው አለቀሰ። ቆይቶ ግን «ይብቃችሁ፤ ሰለቸን» የሚል ድምፅ ተነሣ። መርከቧ ከባሕር የወጣችው ማርች 2017 ነው፤ ይህ ድራማ መተላለፍ በጀመረበት በዚያው ዓመት።

በኦክቶበር 29 ቀን 2022 ደግሞ በሶል ኢቴዎን ሰፈር በአንድ ጠባብ ቁልቁለት ላይ የተጨናነቀ ሕዝብ እርስ በርሱ ተረጋገጠ። የሟቾቹ ቁጥር 159 ነው። መቶ አምሳ ዘጠነኛው ግን በዚያ ሌሊት አልሞተም። ሁለት ጓደኞቹን እዚያው ያጣ፣ እርሱ ግን በሕይወት የወጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። በዲሴምበር ሕይወቱን በራሱ አጠፋ። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ እርሱ ሲጠየቁ ልጁ ጠንከር ቢልና ሕክምና ለማግኘት ቢያስብ ኖሮ የሚል ይዘት ያለው አስተያየት ሰጡ፤ ብዙ ሰው ተቆጣ። መንግሥት ልጁን ከአደጋው ሟቾች ጋር የቆጠረው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2023 ነው። በኦገስት 2025 በዚያ ሌሊት ለነፍስ አድን ሥራ ተልኮ የነበረ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በድብርት ሲሠቃይ ቆይቶ ሞቶ ተገኝቷል።

«ጠንከር ቢል ኖሮ»። ድራማው ዐሥራ ስድስት ክፍል ሙሉ የሚታገለው ከዚህ አባባል ጋር ነው። ከበለጸጉት አገሮች ማኅበር አባላት መካከል በራስ ማጥፋት ብዛት የመጀመሪያውን ቦታ በያዘች አገር ውስጥ፣ መጠንከር የተረፈው ሰው የግል ግዴታ ተደርጎ ሲቆጠር ምን እንደሚሆን ኮሪያውያን በሕይወታቸው ከፍለው አይተውታል። ፕሬዝዳንት ሊ ጄ-ሚዮንግ በጁላይ 2025 የሴዎልን፣ የኢቴዎንንና የሌሎች አደጋዎችን ቤተሰቦች ሰብስበው በመንግሥት ስም ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ሴዎል ከሰጠመች ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎ ነበር።

በድራማው ውስጥ ለካንግ-ዱ «ጠንክር» የማትለው ሰው አሮጊቷ ናት። ና ሙን-ሂ የምትጫወታት ይህች ሴት በጓሮ ሰፈር ያለ ፈቃድ መድኃኒት እየሸጠች የምትኖር፣ አፏ መራራ፣ ልቧ ሩኅሩኅ ሰው ናት። ራሷም በአንጎል ዕጢ እየሞተች ነው። ልጁን ትሰድበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ታክመዋለች። የሥጋ ዘመዱ አይደለችም። እርሷ በሞተች ጊዜ ካንግ-ዱ ያለቀሰው ለቅሶ ለአባቱም ያላለቀሰው እንደሆነ ይሰማኛል፤ በዚህ ጊዜ ማንም «በቃህ» አላለውምና።

ድራማው ጉድለት የለውም አልልም። ወደ መጨረሻው ካንግ-ዱ በጉበት ሕመም እንዲወድቅና ከሞት አፋፍ እንዲመለስ መደረጉ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም ነበር። ዐሥራ አራት ክፍል ሙሉ ሰውነት ከአደጋ በኋላ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚኖር ካሳየን በኋላ በአንድ የንቅለ ተከላ ቀዶ ጥገና ፈጥኖ ማዳን ደራሲዋን አይመጥናትም። የአርክቴክቱና የባለሀብቷ ሴት የጎን ታሪክም ቦታ ይሻማል። ነገር ግን ዋናውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልጣለውም፤ በሟቾቹ ቦታ ላይ ምን ይቁም? በምን ስም? ማን ይወስን?

በእውነተኛው ሶል ይህ ጥያቄ መልሱ መራር ነው። የሳምፑንግ ፍርስራሽ በችኮላ ተጭኖ ናንጂዶ ወደተባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ ተወሰደ፤ አስከሬን ያላገኙ ቤተሰቦች እዚያ ሄደው በእጃቸው ፈልገዋል። ናንጂዶ ዛሬ ሰዎች የሚዝናኑበት አረንጓዴ መናፈሻ ሆኗል። ሕንፃው በነበረበት ቦታ ላይ ውድ የመኖሪያ አፓርታማ ተሠራ፤ ከነዋሪዎቹ መካከል አንድ የቀድሞ የአገሪቱ ፕሬዝዳንት ነበሩ። የሟቾቹ መታሰቢያ እዚያ የለም። ኪሎ ሜትሮች ርቆ በያንግጄ የዜጎች ደን ውስጥ፣ በዛፎች መካከል ቆሟል። በየዓመቱ ጁን 29 ቀን ቤተሰቦቹ አበባ ይዘው የሚሄዱት ልጆቻቸው ወዳልሞቱበት ወደዚያ ደን ነው።